ተጨማሪ መረጃ፦ ወገብ አቅፎ ጋርድ ማለፍ

በብራዚል ጂዩ-ጂትሱ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን በራሱና በተጋጣሚው መካከል ያደረገ ተጋጣሚ «ጋርድ ይዟል» ይባላል። ከላይ ያለው እነዚያን እግሮች አልፎ ለ3 ሴኮንድ ከተቆጣጠረው 3 ነጥብ ያገኛል። ያለ ኪሞኖ ሲጋጠሙ ግን የሚጨበጥ ኮሌታም ሆነ እጅጌ የለም፤ ላቡም ያንሸራትታል። አሜሪካዊው ጎርደን ራያንን የመሰሉ ሻምፒዮኖች ወገብ አቅፎ ማለፍን የሚወዱት ለዚህ ነው።

አላፊው እጆቹን ከተጋጣሚው ወገብ ጀርባ ያቆላልፋል። መዳፍ ከመዳፍ ይገጥማል፤ ጣቶችን እርስ በርስ ማጠላለፍ ግን ለስብራት ያጋልጣል። ጭንቅላቱን የተጋጣሚው ደረት ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ክርኖቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ዳሌው የታሰረ ሰው እግሮቹ ነጻ ቢሆኑም ዞሮ ወደ መካከል ሊመልሳቸው ይቸገራል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ጉልበታቸው ላይ ነው። ጉልበት ምንጣፉ ላይ ካረፈ ክብደቱ ወለሉ ላይ ይቀራል። ጉልበቱን ትንሽ አንስቶ በእግር ጣቶቹ የሚገፋ ሰው ግን፣ ቀላል እንኳ ቢሆን፣ አብዛኛውን ክብደቱን በተጋጣሚው ላይ ያሳርፋል። የዘዴው ትልቁ ውበትም እዚህ ላይ ነው፤ ከጡንቻ ይልቅ አቋቋም ይሠራል። ከዚያ በኋላ መቸኮል አያስፈልግም፦ የተጋጣሚውን ሁለቱን ጉልበቶች ወደ አንድ ወገን አስተኝቶ በተቃራኒው በኩል ቀስ ብሎ መዞር ነው።

ጫናው የጎን አጥንት ላይ ስለሚያርፍ በልምምድ ወቅት ቀስ በቀስ ይጨመር፤ ጓደኛ በእጁ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቅ።