ከውጭ የተላከላችሁን ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዲሎ ውስጥ ፀጉር የሚቆርጥ ጓደኛ አለን። ወንድሙ ከአሜሪካ አዲስ ቶንዶስ ላከለት። ስፒናው ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሱቅ አዳፕተር ገዝቶ ሰካው። ማሽኑ ጥቂት ሰከንድ በኃይል ጮኸ፣ ሸተተ፣ ከዚያ ዝም አለ። በቃ፣ ተቃጠለ።

ልጁ ደግሞ ዝም ብሎ አልሰካም። ስልኩ ላይ ፈልጎ «አዳፕተር ካለ የትም አገር ይሠራል» የሚል ቪዲዮ አይቶ ነው የሰካው። ከከምባታና ከሀዲያ ከተሞች ብዙ ሰው ደቡብ አፍሪካ፣ አረብ አገርና አሜሪካ ስላለው ዕቃ በየጊዜው ይመጣል። ስለዚህ ትክክለኛው መረጃ የት እንደሚገኝ አብረን እንይ።

🔌 መጀመሪያ ቁጥሮቹ

▪️ ኢትዮጵያ፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ
▪️ ደቡብ አፍሪካ፦ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ
▪️ ኤምሬትስ፦ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ
▪️ ሳዑዲ፦ 230 ቮልት፣ 60 ኸርዝ
▪️ አሜሪካ፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ

ቮልት ማለት ኤሌክትሪኩ የሚገፋበት ጉልበት ነው፤ እንደ ቧንቧ ውሃ ግፊት አስቡት። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዕቃ በቮልት በኩል ችግር የለበትም፤ የሚለየው ስፒናው ነው (3 ወፋፍራም ክብ እግር ያለው የተለመደ ነው)። እሱን አዳፕተር ይፈታዋል።

የአሜሪካው ግን ሌላ ነው። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ለ120 ቮልት የተሠራ የ1000 ዋት ካውያ 220 ላይ ሲሰካ ከ3300 ዋት በላይ ይስባል፤ ቮልቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ሙቀቱ ከ3 እጥፍ ያልፋል። በተቃራኒው ከዚህ የ220 ምጣድ ወስዳችሁ አሜሪካ የተለመደው የቤት ሶኬት ላይ ብትሰኩት አይቃጠልም፤ ግን የሚሰጠው ከሙቀቱ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንጀራ አይጋገርበትም።

«ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ልግዛ?» ለምትሉ፦ ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። በቀጥታ ከሶኬት የሚሠራ ባለ 60 ኸርዝ ቶንዶስ ወይም ሞተር እዚህ 50 ላይ ሊዘገይና ሊግል ይችላል። ትራንስፎርመሩም ከዕቃው ዋት በላይ የሚችል መሆን አለበት።

🔍 ታዲያ ለምንድነው እያንዳንዱ ዝርዝር የተለያየ ቁጥር የሚጽፈው?

አንዱ ምክንያት ቁጥሩ ራሱ ስለተቀየረ ነው። ድሮ አብዛኛው አውሮፓ 220፣ እንግሊዝ ደግሞ 240 ነበሩ። በኋላ ሁሉም «230» ተባሉ፤ እንግሊዝ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ። ግን ከተጻፈው ቁጥር ከፍና ዝቅ ማለት ስለሚፈቀድ በብዙ ቤት የሚደርሰው ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ አንዱ ገጽ 220፣ ሌላው 230፣ ሌላው 240 ቢል አትደንግጡ፤ ለብዙ ዕቃ ልዩነቱ ጉዳት የለውም። የሚያቃጥለው 110 ወይም 120ን ከ220 ጋር መቀላቀል ነው።

ሳዑዲም ብዙ ቤት 127 ቮልት ነበር፤ ወደ 230 ለማዞር የተወሰነው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ነው። አሮጌ ዝርዝር ገልብጦ የለጠፈ ገጽ አሁንም 127 ሊላችሁ ይችላል። ጃፓን ደግሞ ቮልቱ 100 ሆኖ ቶኪዮ 50 ኸርዝ፣ ኦሳካ 60 ኸርዝ ነው። አንድ አገር፣ ሁለት መልስ!

✅ ማንን እንመን? በቅደም ተከተል፦

1️⃣ ዕቃውን ራሱን። ጀርባው ወይም ሥሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። «ኢንፑት» በሚለው ቃል አጠገብ «100–240» እና «50/60» ካለ የትም ይሠራል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው። «120» ብቻ ካለ አትሰኩ። «አውትፑት» የሚለው ቁጥር ሌላ ነው፣ እንዳያሳስታችሁ።

2️⃣ ዓለም አቀፉን የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን። በ1906 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ፣ ጄኔቫ የሚገኝ ድርጅት ነው። የየአገሩን ቮልት፣ ኸርዝና የስፒና ዓይነት በነፃ ያሳያል። ስሙን «ወርልድ ፕላግስ» ከሚለው ጋር ፈልጉት።

3️⃣ የአገሩን የመብራት ድርጅት ገጽ።

4️⃣ እዚያ ያለውን ዘመድ። «ስንት ቮልት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ ይገምታል። «ሳትገዛው በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ ላክልኝ» በሉት።

ቪዲዮና ኮመንት? ከነዚህ ሁሉ በኋላ።

⚠️ አንድ ነገር ደግሞ

220 የሚባለው በወረቀት ያለው ነው። ማታ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ፣ በተለይ ከትራንስፎርመር ርቆ ላለ ቤት፣ ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ታውቁታላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። መብራት ሲሄድ ፍሪጅና ቲቪ ንቀሉ፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩ። በቤታችሁ የሚደርሰውን ቁጥር ለማወቅ ኤሌክትሪሺያን በቴስተር ይለካላችሁ፤ ራሳችሁ ሶኬት ውስጥ አትግቡ። ችግሩ ከመስመሩ ከሆነ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ።

ጓደኛችን አሁን በድሮው ማሽኑ ነው የሚሠራው። የተቃጠለውን ገልብጠን አየነው፤ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ይላል። መልሱ ከመጀመሪያውም እጁ ላይ ነበር።

ዕቃ ሊላክለት ያለ ሰው ካወቃችሁ ሳይሰካው በፊት ሼር አድርጉለት 🙏