እንቁላል ያዘለው ነጭ አሣ

አሣ አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ካደረገልን ፀጋዎች አንዱ ነው። ፕሮቲኑ ብዙ፣ ለሆድም የማይከብድ በመሆኑ ለልጆችና ለአረጋውያን ይስማማል። (ነጭ አሣ እሾኩ ብዙ ነውና ለሕፃን ከማጉረስዎ በፊት በጣትዎ ይዳስሱት።)

ይህ የጣና ነጭ አሣ ግን አደጋ ላይ ወድቋል። የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርቲን ደ ግራፍ ከባልደረቦቹ ጋር ባካሄደው ጥናት፣ ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በ75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ይባስ ብሎ ጫጩቶቹ ከትልልቆቹ የበለጠ ተመናምነው ነበር።

ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል? ክረምት ሲገባ እናቶቹ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች በጅምላ ይጓዛሉ። ነሐሴና መስከረም ላይ ወንዙ አፍ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው መረብ ነው። አንዲት እናት ስትያዝ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል አብሯት ይጠፋል። ዝርያዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም የትም የሉም!

ስለዚህ በእነዚህ ወራት ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ አሣ ገበያ ላይ ካዩ ይለፉት። ቆሮሶ ይግዙ፤ እሱ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል። ዓይኑ ያልደበዘዘውን፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ይምረጡ።