መኳኳል በትንሽ ገንዘብ፤ የቆዳችንን ቀለም ሳንለውጥ



በሮቫ ቴት የሚኖሩ እናቶች ወደ እኔ ሲመጡ ይዘው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ነው። ከባንክ፣ ከቢቱዋሕ ለኡሚ ወይም ከልጆች ትምህርት ቤት የተላከ፣ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት እናት ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡት የፕላስቲክ ከረጢት ነበር። በውስጡ አንድ ጠርሙስ ሜይክ አፕ፣ ሁለት ኦዴም፣ አንድ የኩል ብልቃጥ፣ አንድ ደግሞ የዕብራይስጥ ጽሑፍ የሌለበት የክሬም ቱቦ ነበረበት። ስማቸውን ሳልጠቅስ ታሪኩን እንድጽፈው እናትም ልጅም ፈቅደውልኛል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እናቲቱ ከሁለት ቀን በኋላ በአንድ መዋለ ሕፃናት ለሳያዓት ሥራ፣ ማለትም ለአስተማሪዋ ረዳትነት፣ ሊጠየቁ ቀጠሮ ነበራቸው። ግንባራቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት አለ። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ ለሥራ ሲጠየቁ ጠያቂዋ ዓይናቸውን ትታ ግንባራቸውን ስትመለከት ቆየች፤ ሥራውንም አላገኙም። ምክንያቱ ንቅሳቱ ይሁን አይሁን የነገራቸው የለም። «ልጄ፣ ይህን ነገር ለአንድ ቀን እንኳ የሚሸፍንልኝ ቀለም አለ?» አሉኝ።

ልጅቷ ደግሞ ከራሷ ቆዳ በጣም የነጣ ሜይክ አፕ ተቀብታ ነበር። ፊቷ አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ አንገቷ ግን የራሷ ጠይም አንገት ነው። ቱቦው የማን እንደሆነ ስጠይቅ ሁለቱም ዝም አሉ።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኔም ኮሌጅ ስማር እንዲህ ያለ ጥያቄ ይቀርብልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነገር ግን አንዲት እናት ሥራ ለማግኘት፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ክፍል ውስጥ ገብታ ለመቀመጥ ፊቷን መደበቅ አለብኝ ብላ ካሰበች፣ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይገባል።

በአገር ቤት የምናውቀው

መኳኳልን እዚህ አገር መጥተን የተማርነው አይደለም። በጎንደር ገጠር ያደገች ሴት ኩል ትኳላለች፤ ለሠርግና ለበዓል እጅና እግሯን እንሶስላ ትሞቃለች፤ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ቅቤ ትቀባለች። ንቅሳትም እንደዚሁ ነው። ግንባርን፣ አገጭን፣ አንገትን መነቀስ፣ ድድንም ማጥቆር በሰሜን ኢትዮጵያ የሴት ልጅ ጌጥ ነበር። የአንገት ንቅሳት እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ይታመን ነበር። በእኛም እናቶች ላይ ይታያል። የመስቀል ቅርጽ ያለው ሲሆን ደግሞ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር የተነቀሱትም ይሁን ከክርስቲያኖች መካከል ላለመለየት የተደረገ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ ብዙዎች ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው እንዲያስሩ አድርጓቸዋል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። በልጅነቷ ሌሎች የነቀሷት ሴት ምን ጥፋት አለባት?

ሱቅ ውስጥ ስንገባ

በአማርኛ ለቆዳ ቀለም ቃል አናጣም። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እንላለን፤ በአንድ ቤት አራት እኅትማማቾች አራት ዓይነት ይሆናሉ። ሱቅ ውስጥ ግን የሚጠብቀን ቁጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ሲጨምር ቀለሙ ይጠቁራል፤ ሆኖም የአንዱ ድርጅት ቁጥር ከሌላው ድርጅት ቁጥር ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ቁጥር ከጓደኛ ተቀብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ቃላቱንም ማወቅ ይጠቅማል። በዕብራይስጥ መኳኳያ በጠቅላላው ኢፑር ይባላል። ሜይክ አፕ ሲሉ ግን ፊት ሙሉ የሚቀባውን መደብ ቀለም ብቻ ማለታቸው ነው። ኦዴም የከንፈር ቀለም፣ ሶሜክ የጉንጭ ቀለም፣ ጋቨን ደግሞ የቀለሙ ዓይነት ነው። ባሂር ፈካ ያለ፣ ኬሄ ጠቆር ያለ ማለት ነው። «የሽ ጋቨን ዮቴር ኬሄ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከዚህ ጠቆር ያለ አለ ወይ ማለታችሁ ነው። ለመሞከር «ኤፍሻር ለናሶት?» በሉ። ለሙከራ ክፍት የተደረገ ጠርሙስ ካለ መሞከር መብት ነው፤ ሻጯ ብታፈጥባችሁም አትደንግጡ።

የሚሞከረው በእጅ ጀርባ ላይ አይደለም። እጃችን ከፊታችን ቀለም ይለያል። ከጉንጭ ወደ አንገት በሚወርደው በመንጋጋ ላይ በጥጥ ትንሽ አስነክታችሁ ከሱቁ በር ውጪ በቀን ብርሃን በመስታወት ተመልከቱት። የሱቅ መብራት ያታልላል። አሥር ደቂቃም ታገሡ፤ አንዳንዱ ቀለም አየር ሲነካው ይጠቁራል። ፊትና አንገት አንድ ሆኖ ቀለሙ ከጠፋባችሁ የእናንተ እሱ ነው። የሙከራ ኦዴምን ከንፈር ላይ፣ የሙከራ ኩልን ዓይን ላይ ማድረግ ግን አይገባም፤ ስንት ሰው እንደነካው አይታወቅም።

ልጅቷን «ለምን የነጣውን ገዛሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ሱቁ ውስጥ የነበረው ከሁሉ የጠቆረ እሱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በትንንሽ ሱቆች እንዲህ ያጋጥማል። ለረጅም ዘመን ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። ሶማሊያ የተወለደችው ሞዴል ኢማን በሥራዋ ላይ ለቆዳዋ የሚሆን ቀለም ስታጣ ራሷ እየቀላቀለች ትቀባ ነበር፤ በ1994 የራሷን የመኳኳያ ድርጅት አቋቋመች። የአዲስ አበባ ተወላጇ ሊያ ከበደ በ2003 የኤስቴ ላውደርን ምርቶች እንድታስተዋውቅ ስትመረጥ በዚያ ድርጅት ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። በ2017 ዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ቢዩቲ የተባለውን ድርጅቷን በ40 ዓይነት የሜይክ አፕ ቀለም ስትጀምር ሌሎቹም ጠቆር ያለውን መጨመር ጀመሩ። እዚህም አገር በ2013 በኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ የመጣችው ይቲሽ አይናው ሚስ እስራኤል ሆና ተመርጣለች፤ ኢትዮጵያ ከተወለዱት የመጀመሪያዋ ናት። ልጅቷ ይቲሽን አታውቃትም ነበር። ፎቶዋን በስልኬ ሳሳያት ረጅም ጊዜ አየችና «እማዬ፣ ከእኔ እኮ ትጠቁራለች» አለች።

ቱቦው

አሁን ወደ ቱቦው ልመለስ። በመጨረሻ እንደነገሩኝ ጎረቤት ያመጣችላቸው «ማቅያ» ክሬም ነው። ልጅቷ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ስትቀባው ቆይታለች። እናቷ ያውቁ ነበር፤ ክፍል ውስጥ በቀለሟ ስለሚሰድቧት ዝም አሉ።

ቆዳን ያነጣሉ ተብለው ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ የተገኙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚጎዳውም ተቀቢዋን ብቻ አይደለም፤ በፎጣና በአንሶላ በኩል፣ በእንፋሎትም፣ በቤት ውስጥ ያሉ ሕፃናትን ሳይቀር ይደርሳል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ያለ ሐኪም ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ሊያነጣው የታሰበውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ያደርገዋል፤ ያ ምልክት ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ማንጫ ሆኖ በመኳኳያ ውስጥ እንዳይገባ ከ2001 ጀምሮ ከልክሎታል። ሦስተኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙትም ፊት ሊቀላና ሊቃጠል ይችላል።

እንዴት እንለየው? በሱቅ የሚሸጥ መኳኳያ የዕብራይስጥ ጽሑፍ፣ የአስመጪው ስምና አድራሻ፣ ውስጡ ያለው ነገር ዝርዝር ሊኖረው ይገባል። ይህ ከሌለው አትግዙት፣ በስጦታም አትቀበሉት። በዝርዝሩ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ካለ ተዉት። አንዳንዱ ማሸጊያ ላይ «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኛል፤ ይህም ሜርኩሪ እንዳለበት ሊያመለክት ይችላል። ወርቃችሁን የሚያበላሽ ነገር ለልጃችሁ ፊት እንዴት ይሆናል?

ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁም። ቱቦውን እንዳለ በከረጢት ቋጥራችሁ ወደ ኩፓት ሖሊም ቤተሰብ ሐኪም ውሰዱት። እነዚህ እናትና ልጅም እንዲሁ አደረጉ። ዕብራይስጡ ካስቸገረ እኛ አብረን እንሄዳለን፤ የሚቆጣችሁ የለም።

በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ

በማግስቱ ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ለሙከራ የገዛሁት አራት ዕቃ ነበር፦ ከቆዳቸው ጋር የሚስማማ ሜይክ አፕ፣ ቀለም የሌለው ፑድራ፣ ስፖንጅ፣ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ኦዴም። ሱፐር ፋርም ወይም ጉድ ፋርም የመሳሰሉ ትልልቅ ሱቆች ውስጥ ውድ ያልሆነውን መርጬ፣ አንዱንም በሚቭጻ ገዝቼ፣ ሁሉም ተደምሮ 100 ሸቅል አልሞላም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ» የሚለው ሚቭጻ ጥሩ የሚሆነው ሁለተኛው በእርግጥ ሲያስፈልጋችሁ ነው።

ኦዴሙ ለከንፈር አልነበረም። ንቅሳት ሲቆይ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል፤ በላዩ ሜይክ አፕ ብቻ ቢደረግበት ግራጫ ሆኖ ይታያል። ብርቱካንማ ቀለም ግን ሰማያዊውን ይገድለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ክሬም ተቀብቶ ሲደርቅ፣ ኦዴሙ በጣት ጫፍ በንቅሳቱ መስመር ላይ ብቻ በስሱ ይደረጋል። ፑድራ ይነፋበታል። ከዚያ ሜይክ አፑ በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ይጨመራል፤ ከተሸ ሥሩ ያለው ይነሣል። በመጨረሻ እንደገና ፑድራ። የመጀመሪያው ሙከራችን ተበላሽቶ ግንባራቸው ብርቱካን ሆነና ሁላችንም ሳቅን። ሁለተኛው ላይ ኦዴሙን ቀነስን። ሦስተኛውን ልጅቷ ራሷ ሠራችው፤ እጇ ከእኔ ይሻላል። እናቲቱ መስታወቱን አንሥተው ብዙ ቆዩ፤ «እናቴ ብታየኝ አታውቀኝም» አሉ። ደስታ ይሁን ኀዘን አልለየሁትም፤ አልጠየቅሁምም።

ንቅሳቱን በሌዘር ማስለቀቅ የሚፈልጉ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ እንጂ ወደ ማንም የውበት ቤት አይሂዱ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ልምድ በሌለው እጅ የተሠራ ሌዘር ጠባሳ ወይም የነጣ ቦታ ሊተው ይችላል።

ከረጢቱ ውስጥ የነበረውን ኩል ግን እንዲተዉት ነገርኳቸው። በልማድ የሚዘጋጅና በየገበያው የሚሸጥ ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይገኝበታል፤ እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ለአራስ ልጅ ዓይን ኩል መኳል በፍጹም አይገባም፣ አያቶች ቢቆጡም። ለራሳችን ከሱቅ የሚገዛው የዓይን ኢፓሮን ርካሽ ነው። በአማርኛ እሱንም እርሳስ እንለዋለን፤ በስም አትሳሳቱ፣ ማዕድኑ የለበትም። የዓይን ዕቃ ግን ለአንድ ሰው ነው። አምስት ሴቶች ባሉበት ቤት አንድ ማስካራ ሲዞር የአንዷ የዓይን ሕመም የሁሉም ይሆናል። ከተከፈተ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሲሆነው ይጣላል። በሌሎች ዕቃዎች ላይ ክዳኑ የተከፈተ የቆርቆሮ ሥዕል ታያላችሁ፤ በውስጡ 12 ካለ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው።

ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ የምመርጠው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው፤ የአሽዶድ ፀሐይ ጠቆር ባለ ቆዳም ላይ ምልክት ይተዋል። ቀጥሎ አንድ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ኦዴም፤ ለከንፈርም፣ በጣት ተነክሮ ለጉንጭም ይሆናል። ሜይክ አፑን ለየቀኑ ከፊት ክሬም ጋር በእጅ መዳፍ ላይ ብትቀላቅሉት ቀለል ይላል፣ ጠርሙሱም ይበረክታል። አዲስ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ በክርን ውስጠኛ በኩል ተቀብቶ አንድ ቀን ይታይ። ማታ ሳይታጠቡ መተኛት የለም። ለሲግድና ለሠርግ ነጭ ስንለብስ ደግሞ ቀሚሱን ለብሳችሁ፣ አንገታችሁ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋችሁ ተኳኳሉ፤ ነጠላ ጥለት ላይ የተነካ ሜይክ አፕ እጅግ አስቸጋሪ ነው፣ እኔ አንድ ነጠላ አበላሽቻለሁ።

እናቲቱ ሥራውን አግኝተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ ሸፍነው ይሄዱ ነበር። አሁን በአዘቦት ቀን ትተውታል፤ «ጠዋት ሃያ ደቂቃ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ሕፃናቱ ግንባራቸውን እየነኩ ሲጠይቋቸው «ትንሽ ልጅ ሳለሁ የተሣለብኝ ሥዕል ነው» ብለው ይመልሳሉ። ልጅቷ ሐኪሙ ያዘዘላትን ቅባት ጨርሳ፣ አሁን ሰፈራችን ላሉ ሦስት ጓደኞቿ ቀለም የምትመርጥላቸው እሷ ናት። የሸክላ ቀለሙን ኦዴሜን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።