የጅንባር ፏፏቴ በአራቱ ወቅቶች

ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው ጎዳና 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የሳንቃበር ማደሪያ ሰፈር ያደርሳል። ከሳንቃበር ወደ ግጭ አምባ የሚወስደው የእግር መንገድ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚፈጅ ሲሆን፣ በመካከሉ ወደ አንድ ቀጭን የገደል ጫፍ የሚወጣ አጭር መታጠፊያ አለው። ከዚህ ጫፍ ማዶ የጅንባር ወንዝ ከአምባው ጠርዝ ተወርውሮ ወደ 500 ሜትር በሚጠጋ ገደል ይወርዳል። ተጓዡ ፏፏቴውን የሚመለከተው ሥሩ ቆሞ ወደ ላይ በማንጋጠጥ ሳይሆን በጥልቁ ሸለቆ ማዶ ሆኖ በመሆኑ፣ በእርሱና በውሃው መካከል ያለው አየር ጥርት ማለቱ ወይም በጉም መሞላቱ የውሃውን ብዛት ያህል ዋጋ አለው።

ገደሉ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ ፈንድቶ በፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ቀልጦ የወጣው ዐለት አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየረጋ ባዛልት የተባለውን ጥቁር ድንጋይ ደረጃ በደረጃ ከመረ፤ በተከዜ ተፋሰስ ውስጥ ያሉት ወንዞች ደግሞ ይህን ክምር በረጅም ዘመን ሸርሽረው የዛሬዎቹን አምባዎችና ገደላ ገደሎች አወጡ።

በኢትዮጵያ የቆየ የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ክረምት ነው። ጅንባር በሙሉ ኃይሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ነገር ግን ፏፏቴው ከሁሉ የበለጠ በሚሞላበት በዚህ ጊዜ እርሱን ማየት ከሁሉ የበለጠ ያዳግታል። ለዚህ ምክንያቱ የቆላው አየር ነው። ፀሐይ ዝቅተኛውን ምድር ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ በከፍታው ሲቀዘቅዝም እርጥበቱ ወደ ጉምነት ተለውጦ ሸለቆውን ይሞላዋል፤ ስለዚህ ረፋዱ ላይ ጥርት ብሎ የታየው ገደል ቀትር ሳይሞላ ሊሰወር ይችላል። መንገዱ ይጨቀያል፣ ድንጋዩ ያሙለጨልጫል፣ ከሰዓት በኋላ የበረዶ ውሽንፍር ይወርዳል፤ ከጠባቡ የገደል ጫፍ ላይ መንሸራተት ሞት ነውና በጉም ጊዜ ወደዚያ መታጠፍ ፈጽሞ አይመከርም። ሆኖም በማለዳ ተነስቶ በጉሙ መካከል የምትከፈተውን አጭር ፋታ የሚጠብቅ ሰው፣ ድምፁ ከሩቅ ሲያስገመግም የሰማውን ውሃ በድንገት ሙሉ ቁመቱን ያየዋል።

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ይባላል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድ ሰው ከዚህ ወቅት፣ በተለይም ከጥቅምት፣ የተሻለ ጊዜ የለም። ዝናቡ አልፎ መንገዱ መድረቅ ይጀምራል፣ አየሩ አቧራ የለውም፣ ክረምቱን ውሃ የጠጣው መሬት ግን ወንዙን መመገቡን ገና አላቋረጠም። ከሳንቃበር በኋላ መንገዱ የሚያልፍበት የአስታ ደን አረንጓዴ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በብዛት ተሰባስበው ሣር ሲግጡ ይውላሉ፣ ሲመሽም ከጅብና ከነብር ለመዳን ወደ ገደሉ እርከኖች ይወርዳሉ። ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ በምትሆንበት ሰዓት፣ ከፏፏቴው በሚነሣው ርጭት ላይ ቀስተ ደመና ይታያል።

ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ባለው በጋ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ጓሳ የሚባለው ጠንካራ የደጋ ሣርም ንጋት ላይ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ብዙ ጎብኚዎች ለጉዞ የሚመርጡት ይህንን ደረቅ ጊዜ ሲሆን፣ ፏፏቴው ቀጥኖ ሲያገኙት ግን ቅር ይላቸዋል። ቅሬታው ተገቢ አይደለም፤ ምክንያቱም በክረምት በውሃና በጉም የተሸፈነው የባዛልት ንብርብር ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህም በላይ ለወራት ዝናብ ሳያገኝ የሚወርድ ውሃ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥቅጥቅ ያለው የጓሳ ሥርና ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር የክረምቱን ዝናብ ይዘው ቀስ በቀስ ይለቁታል፤ ሣሩ በግጦሽ ሲራቆት ወይም መሬቱ ሲታረስ ግን ዝናቡ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ለበጋ የሚተርፈውም ያንሳል። በዓባይ ወንዝ ላይ ባለው በጢስ ዓባይ ፏፏቴ እ.ኤ.አ. በ1964 የኃይል ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ ውሃው በከፊል ወደ ተርባይን ስለሚጠለፍ የፏፏቴው መጠን በሰው ውሳኔም ይለዋወጣል፤ የጅንባር ዕጣ ግን የተያያዘው ከላዩ ካለው ሣር ጋር ነው።

የዚህ ሣር ጉዳይ ለሰዎችም ከባድ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ይህን ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ሲያስገባው፣ ከምክንያቶቹ መካከል የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆል ነበሩ። በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጎ፣ ፓርኩ በተከታዩ ዓመት ከዝርዝሩ ወጣ። አምባው ዛሬ ፋታ ያገኘው የአያቶቹን መሬት ትቶ በወረደ ገበሬ ኪሣራ መሆኑን፣ በሣሩ መካከል የሚያልፍ ጎብኚ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በየትኛውም ወቅት ቢሆን ከፍታው አይለወጥም። በዚህ ቦታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከቆላ የመጣ ሰው በሁለተኛው ቀን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊሰማው ይችላል፤ ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ተጓዡ ከስካውት፣ ማለትም ፓርኩ ከሚመድበው ታጣቂ ጠባቂ ጋር መሄድና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

አራተኛው፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 የሚቆየው ፀደይ፣ ለመተንበይ እጅግ አስቸጋሪው ወቅት ነው። ቆላው በአቧራና በጭጋግ ስለሚደበዝዝ የሩቁ እይታ ይጠብባል፣ አንዳንድ ዓመት የበልግ ዝናብ ጥቂት ውሃ ይጨምራል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ፏፏቴው ነፋስ እስኪበትነው ድረስ ይሳሳል። ሰኔ ሲገባ ነጎድጓድ የተቀላቀለበት ዝናብ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር፣ ወደ ግጭ ለመውጣት ጅንባርን የሚሻገር መንገደኛ ከቀትር በፊት ማዶ መድረስ አለበት፤ ከላይ ዘንቦ ወንዙ ከሞላ እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ መድፈር አይገባም።