የኖቤል ንግግር፦ ተሻሽሎና ታርሞ የቀረበ

ከሮመን በባቡር በምንወርድበት በኦስሎ ማዘጋጃ ቤት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኅዳር 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ጦርነት ገሃነም መሆኑን ሰበኩን። የተለመደውን የተሸላሚ ጋዜጣዊ መግለጫ ግን አልሰጡም። በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ተጀመረ። በኅዳር ደግሞ ሠራዊታቸው አንድም ሰላማዊ ሰው እንዳልገደለ ለፓርላማው ነገሩ።

እንግዲህ ንግግሩን እኛው እናርምላቸው፦

«ወገኖቼ! ጦርነት ገሃነም ነው ብያችሁ አልዋሸሁም፤ ዓመት ሳይሞላ አሳየኋችሁ። ሰላማዊ ሰው አልሞተም፤ የሞተ ካለም ሰላማዊ አልነበረም። ጥያቄ? ጊዜ የለኝም።»

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለቅሶ የተቀመጠ ወገን አለና። ኖቤል የሰጠውን ሽልማት መልሶ አይነጥቅም። ቃል ግን ተናጋሪውን ይጠይቃል፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከሮመን፣ ኦስሎ