መንጋጋ ሲወልቅና መንጋጋ ሲቆለፍ

ይህን ስታነቡ አንድ እጃችሁን ነፃ አድርጉ። ሁለት ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ፊት ለፊት አሳርፉ። አሁን አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ መልሳችሁ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ያ የመንጋጋ መጋጠሚያ ነው። በቀኝም በግራም አንድ አንድ አለ።

የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ይታጠፉና ከጆሮ ፊት ባለው የራስ ቅል ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ይገባሉ። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ በመሐላቸው ቀጭን ትራስ አለች፤ እንደ ልም አጥንት ጠንካራ ናት። ዙሪያውን ጅማት ይዞታል። ሁለቱ መጋጠሚያዎች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላውም በደህና አይሠራም።

የበር ማጠፊያ ሥራው መዞር ብቻ ነው። መንጋጋ ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። አፍ መከፈት ሲጀምር የአጥንቱ ራስ በጎድጓዳው ውስጥ ይዞራል። አፍ ይበልጥ ሲከፈት ወደ ፊት ይንሸራተትና ከፊቱ ካለው ጉብታ ላይ ይወጣል። ስንዘጋ ይመለሳል።

በሬ ሲያመሰኳ አይታችኋል። መንጋጋውን ወደ ጎን እየወሰደ ሣሩን ይፈጫል፤ መጋጠሚያው ዝርግ ስለሆነ ይችላል። ጅብን ተመልከቱ ደግሞ፤ መጋጠሚያው ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ እንደ መቀስ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይቆርጣል። የእኛ በመካከል ነው። ለዚህ ነው ቆሎም የምንቆረጥመው፣ ጥሬ ሥጋም የምንበላው።

አንዳንድ ሰው ሲበላ መንጋጋው ቀጭ ቀጭ ይላል። ትራሷ ከቦታዋ ትንሽ ሸርተት ብላ ነው። ካላመመና አፍ እንዳይከፈት ካላደረገ ብዙ አያሳስብም። ሲያም ግን ምክንያቱ ይፈለግ። በእንቅልፍ ላይ ጥርሱን የሚያፋጭ አለ፤ ጥርሱ ታሞ በአንድ ወገን ብቻ የሚያላምጥ አለ፤ የጠርሙስ ክዳን በጥርሱ የሚከፍትም አለ። ሕመሙ ከጆሮ አጠገብ ስለሆነ የጆሮ በሽታ ይመስላል፤ ጆሮ ውስጥ ዘይት ማንቆርቆር ግን አይረዳም። ለጥቂት ቀን ቆሎውን ትቶ ገንፎና አጥሚት መብላት፣ ለብ ባለ ጨርቅ መያዝ ይሻላል። ጤነኛ ሰው አፉን ሲከፍት ሦስት ጣቱ ከፊት ጥርሶቹ መካከል ቁልቁል ተደርድረው ይገባሉ። ካልገቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ውልቃት እንምጣ። ሰው በኃይል ሲያዛጋ ወይም ሲስቅ የአጥንቱ ራስ ጉብታውን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ጡንቻዎቹ ወዲያው ጨምድደው ይይዙታል። አፍ ተከፍቶ ይቀራል፤ ምራቅ ይፈስሳል፤ ንግግር እንደልብ አይወጣም። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የወለቀው፣ አገጭ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ያየ ሁሉ «መጋኛ መታው» ይላል። መጋኛ አይደለም፤ ውልቃት ነው። ሐኪሙ አውራ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በታችኞቹ የኋላ ጥርሶች ላይ ያሳርፍና መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ይገፋል። ጨርቁ አፍ በድንገት ሲገጥም ጣቱ እንዳይነከስ ነው። ወጌሻዎቻችን የወለቀ ክንድ በመመለስ የታወቁ ናቸው። ነገሩ የመጣው በዱላ፣ በፈረስ ርግጫ ወይም በመውደቅ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና ራጅ ሳይነሣ ማንም አይነካካው። ባደረ ቁጥር መመለሱ ያስቸግራል።

ወለቀ ማለትና ተቆለፈ ማለት ለየቅል ነው። መንጋጋ ቆልፍ የምንለው በሽታ፣ ሐኪሞች ቴታነስ የሚሉት፣ ስሙ ራሱ ያሳስታል። መጋጠሚያው ምንም አልሆነም። የታመመው በሽተኛው ከቁስል የገባው ጀርም በሚያወጣው መርዝ ነው። ጀርሙ በአፈርና በፈረስ፣ በከብት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ በእኛ በአዲስ ዓለም አካባቢ ደግሞ ፈረስም ከብትም ከቤት አይርቅም። እሾህ፣ የዛገ ሚስማር፣ ማጭድ ያቆሰለው እግር በቂው ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ይመጣል። ያን ጊዜ ቁስሉ ድኖ፣ ተረስቶም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መንጋጋ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ አንገትና ጀርባ ይገተራሉ፤ መዋጥ፣ በኋላም መተንፈስ ያቅታል።

ውልቃት አፍን ከፍቶ ያስቀራል፤ ይህ ግን ዘግቶ ያስቀራል። ጥርስን በማንኪያ ለመፈልቀቅ አትሞክሩ፤ ውሃም በግድ አታጠጡ፣ ያንቀዋል። ማሸትም አይረዳም። ወደ ሆስፒታል በዚያው ሰዓት አድርሱት።

አራስ ልጅም ይይዘዋል። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ ወይም ቅቤና እበት ሲቀባ ጀርሙ ይገባል። ጡት ይጠባ የነበረ ሕፃን በጥቂት ቀን ውስጥ መጥባት ያቆማል። በአገራችን መደበኛ ክትባት በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2009 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያ የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ የጤና ችግር ከማይሆንበት ደረጃ አድርሳለች ሲል አረጋገጠ። ጀርሙ ግን ከአፈሩ አልጠፋም፤ ክትባት ከተቋረጠ ይመለሳል።

ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይከተባሉ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ። የሚረሳው ማረሻ ይዞ በባዶ እግሩ የሚውለው ወንዱ ነው። ጥልቅ ወይም አፈር የነካው ቁስል ሲያገኛችሁ በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ጭቃም እበትም አታድርጉበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽታው ይዞት የዳነ ሰውም ዳግመኛ ሊይዘው ስለሚችል ይከተባል።