ጨረር የመታው ብረት ውስጡ ምን ይሆናል?

የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ኢትዮጵያና ሩሲያ ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታ ሞስኮ ላይ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረሙ። ብዙ ሰው ስለ ዩራኒየሙ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ዛሬ ዩራኒየሙን ስለሚሸከመው ብረት ልንገራችሁ።

ዩራኒየሙ የሚሰነጠቅበት የሬአክተሩ ጋን ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ብረት ነው። ውስጡ 300 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ ይኖራል። ሌላው ዕቃ ሲያረጅ ይቀየራል፤ ጋኑን መቀየር ግን አይታሰብም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው የብረቱ ጤና የጣቢያውን ዕድሜ የሚወስነው።

አንዷን የብረት አተም ከቦታዋ ለማፈናቀል 40 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይበቃል። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ኒውትሮን ግን በአማካይ 2 ሚሊዮን ይዞ ነው የሚወረወረው! የተመታችው አተም ጎረቤቷን ትገፋለች፣ ጎረቤቷም ሌላውን። ዓይን ሳይርገበገብ አብዛኞቹ ወደ ረድፋቸው ይመለሳሉ፤ ጣጣው የሚመጣው ካልተመለሱት ነው። ባዶ የቀሩት ቦታዎች ተጠራቅመው ጥቃቅን ክፍተት ይሆናሉ፤ ብረቱም ያብጣል። የተፈናቀሉት አተሞች ደግሞ ቀለበት ሠርተው የአተም ረድፎች እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ ያግዳሉ። ወለጋ ኪራሙ ያለ ቀጥቃጭ ፍም የመሰለ የባሊስትራ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነክረው ይጠነክራል፤ ግን በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ጨረርም ብረቱን ቀስ በቀስ እንዲሁ ያደርገዋል።

ታዲያ ይህን ለማየት ሠላሳ አርባ ዓመት ይጠበቃል? አይጠበቅም! ተመራማሪዎች የብረት አተሞችን ኤሌክትሮን ቀንሰው አዮን ያደርጓቸዋል፤ ከዚያ በሚሊዮን ቮልት አፋጥነው በተወለወለ ናሙና ላይ ይተኩሷቸዋል። እያንዳንዱ አተም በአማካይ 100 ጊዜ እስኪፈናቀል ሬአክተር ውስጥ ዓመታት ይፈጃል፤ በአዮን ግን ቀናት ይበቃሉ። ናሙናውም ራሱ አደገኛ ጨረር አመንጪ ስለማይሆን በእጅ ይያዛል።

የአዮኖቹ ጉዳት ከገጹ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 100 ናኖ ሜትር ገደማ የሚሳሳ ቅጠል ከናሙናው ተቆርጦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል። ክፍተቶቹ ነጣ ያሉ ክቦች፣ ቀለበቶቹ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ሆነው ብቅ ይላሉ። ተራው የማይዝግ ብረት በብዛት ሲያብጥ፣ ፌሪቲክ-ማርቴንሲቲክ የሚባለው እምብዛም አያብጥም። አዲስ ብረት የሚመረጠው በእንዲህ ያለ ንጽጽር ነው።

ጥድፊያው ግን ዋጋ አለው። አተሞቹ ተንቀሳቅሰው የሚስተካከሉበት ጊዜ ስለሚያጥር፣ ሙቀቱ ከሬአክተሩ ከፍ ይደረጋል፤ ውጤቱም በእውነተኛ ኒውትሮን ከተመታ ናሙና ጋር ይመሳከራል። ያለዚህ ማመሳከሪያ የአዮን ሙከራ ብቻውን አይታመንም።

ደስ የሚለው፣ ጉዳቱ መድኃኒት አለው። አርመን ውስጥ ያለው የመጻሞር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረጀ ጋኑን በኃይል አሙቆ በቀላሉ ያለመሰበር ባሕርይውን በአብዛኛው አስመልሷል፤ ሙቀቱ አተሞቹን ወደ ረድፋቸው መልሷቸዋልና።

ከነቀምቴ እስከ ኪራሙ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምትማሩ ልጆች፣ ይህ ሙያ ይጠብቃችኋል። ጣቢያው ሲመጣ «ጋኑ ከምን ብረት ተሠራ? በየስንት ዓመቱ ናሙናው ይፈተሻል?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን በማይክሮስኮፕ የሚያረጋግጥ ኢትዮጵያዊ ያስፈልገናል።